በባዶ ወረቀት የተጠቀለለ ዓሣ

የብርድ ወራት ዓሣ ጣዕም የለውም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። ወይ ምላሱ ሞቷል፣ ወይ የኩሬ ዓሣ የሚሸጥ ዘመድ አለው። ሐይቁ በብርድ በረዶ ሆኖ ሲጋገር፣ ውሃው ከላይ ድንጋይ ከታች ጨለማ ሆኖ ሲዘጋ፣ በሙቀቱ ወራት ከዓሣው ሥጋ የማይለየው የጭቃና የዝቃጭ ሽታ ድራሹ ይጠፋል። ቅዝቃዜው ሥጋውን ያጠብቀዋል፣ ያነጣዋል፣ ያጣፍጠዋል። ይህን የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው ደግሞ ከጀልባ ማቆሚያው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። ታዲያ ብርዱ በገባ ቁጥር ለደንበኞቿ የምታቀርበው ምንድን ነው? በሲሚንቶ ገንዳ ተወልዶ፣ በሲሚንቶ ገንዳ አድጎ፣ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ፣ ትራውት የሚሉት የእርባታ ዓሣ! ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም። ጠይቆ ሁለተኛ የዚያን ቤት ወንበር ያየ የለማ።

ምክንያቱ ከኩሽናው በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አንድ ጥቅል ገመድ ነው። በረዶው መሳሳት ሲጀምር ዓሣ አጥማጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ በገመድ ይያያዛሉ፤ አንዱ ቢሰምጥ ሌላው እንዲጎትተው። ባሏ ከዓመታት በፊት፣ አንድ የብርድ ማብቂያ ጠዋት፣ ገመዱን ሚስማሩ ላይ ትቶ ብቻውን ወጣ። በሕይወት አልተመለሰም። እሷም ከቀብር እንደተመለሰች ከኩሽናዋ በር ላይ ቆማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከበረዶ ስር የወጣ ነገር በዚህ በር አይገባም» አለች። ነገር ስትል ዓሣውን ብቻ ማለቷ አልነበረም።

ልጇ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ከበረዶ ስር ዓሣ የሚያወጣ ሰው ወደደች።

ልጅቱን ሁሉም ሰው ቅርፊት ይላታል። በዳዴ ስትሄድ አባቷ ዓሣ ሲፍቅ ከእግሩ ስር እየተሽሎከለከች፣ ጉንጯም ፀጉሯም ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎባት ስለምትውል የወጣላት ስም ነው፤ ሃያዎቹን ካጋመሰች በኋላም አልለቀቃትም። እሱን ደግሞ በቁመቱና በቅጥነቱ ዘንጉ ይሉታል። ብርዱ ሲገባ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዳ መጀመሪያ ያየችው ጊዜ እሱ የያዘውን ዓሣ ከፍ አድርጎ አሳያት፤ እሷ ያየችው ግን እጁን ነበር። ቀልቷል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ዓሣውን የያዘበት አኳኋን ግን የተኛ ሕፃን እንደመያዝ ነው። እሱም እጁን እንዳየችው አየና እጁን ደበቀ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚያች ቅጽበት ነው።

ፍቅር በደብዳቤ ሲገለጽ ጨረቃና አበባ ካልገባበት ፍቅር የማይመስላቸው ሞኞች አሉ። የዘንጉ ደብዳቤዎች እያንዳንዳቸው ከአንድ መስመር አይበልጡም። «በረዶው ዛሬ አንድ ክንድ ነው። ደህና ነኝ።» ሌላ ጊዜ፣ «አንድ ክንድ ከስንዝር። ደህና ነኝ።» ይኸው ነው። ቅርፊት ይህን እያነበበች ከድንች ከረጢቱ ጀርባ ቆማ ታለቅስ ነበር። ለዓሣ አጥማጅ ልጅ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ማን ይጻፍላት?

ደብዳቤውን የሚያመላልሱት ጋሼ ፖስታ ናቸው። ፖስተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተዋል። ሲጠየቁ፣ «ጡረታ የወጣሁት ከደመወዙ ነው እንጂ ከሥራው አይደለም» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው ከመስኮቱ አጠገብ ይቀመጡና ምሳ እስኪደርስ ስለ ምሳ ያወራሉ።

በዚያን ቀን ጠዋት ቅርፊት ከጓሮ ድንች ልጣ ስትመለስ አንድ መጥበሻ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አገኘችው። እናቷ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራለች። ጋሼ ፖስታ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«ይቺ ድመት!» አለች እናትየው።

ድመቷ መስኮቱ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች።

ቅርፊት መጥበሻውን አነሳች። ጋሼ ፖስታ ሄደው ቦታቸው ላይ ተቀመጡና፣ ወሬ ለመቀየር ይመስላል፣ ለቁርስ የቀረበላቸውን ትራውት በሹካ ነካ አደረጉት።

«እትዬ፣ ይሄ ዓሣሽ ዛሬም ሳሙና ሳሙና ይላል።»

«ሳሙና ቀምሰው ያውቃሉ ጋሼ?»

«ከአንቺ ቤት በፊት አልቀመስኩም ነበር።»

«ታዲያ ይተዉታ! ማን ለመነዎት?»

«እኔ እኮ የምለው፣ ከዚህ ቁልቁል፣ እዚያ ሐይቅ ውስጥ፣ በዚህ ብርድ ባለ ሸንተረሩ ዓሣ እንደ ስኳር ጣፍጦ…»

«ባለ ሸንተረሩ!» እናትየው ማንኪያዋን ይዛ ዞረች። ተው ቢሏትም የማትመለስበት ነገር ይህ ነው፤ ሰው ስለ ዓሣ ሲሳሳት ዝም ማለት አትችልም። «ባለ ሸንተረሩማ መልካም ነው፣ አልተጣላሁትም፤ ግን ቅርፊቱን ፍቀው ሳይጨርሱ ይርብዎታል። ረጅም አፉ ይሻላል እንዳይሉኝ ደግሞ፣ አጥንቱ እሾህ ነው፤ ቆራጭ ካልቆረጠው ጉሮሮ ይዘጋል። ነጩ ዓሣ ስብ ነው፣ ጭስ ካልነካው አይበላም። ካርፕ በብርድ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ የሚከርም ሰነፍ ነው፤ እሱን የሚበላ ጭቃውን ይብላ!»

«እሺ፣ ታዲያ ከሁሉም የቱ ነው?»

እናትየው አፏን ከፈተች። ዘጋችው።

«ድንች ይጨመርልዎ?» አለች።

ወደ ውስጥ ስትገባ ጋሼ ፖስታ ቅርፊትን በዓይናቸው ጠሩና ከካፖርታቸው ውስጥ አንድ ጥቅልል አወጡ። ደብዳቤ አልነበረም። ከባድ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ በወረቀት ተጠቅልሏል።

«ዛሬ ቃል አጥሮት ዓሣ ላከ» አሉ በሹክሹክታ።

ጓሮ ወስዳ ፈታችው። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ ቆዳው የሚያሟልጭ፣ ከወገቡ በታች እባብ የሚመስል፣ ከአገጩ ስር አንዲት ፂም ብቻ የተንጠለጠለችበት ዓሣ። አጥማጆቹ ፂሜ ይሉታል። ብርዱ ሲጠና ብቻ፣ ያውም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከጥልቁ ይወጣል። ገዢ ሲያየው ስለሚሸሽ ገበያ አይወጣም። አጥማጆቹም አይሸጡትም፤ የቤታቸው ነው።

ወረቀቱን በአንድ በኩል አየችው። ገለበጠችው። የበረዶው ውፍረት የለም። ደህና ነኝ የለም። ባዶ ነው።

ብርዱ ከውጭ ሳይሆን ከውስጧ የጀመራት ያኔ ነው።

*

ዘንጉን ስታገኘው ጎጆውን እያፈረሰ ነበር። አጥማጆቹ በበረዶው ላይ የሚጎትቷት፣ ከስሯ መንሸራተቻ የተገጠመላት፣ ወለሏ መሃል ቀዳዳ ያለባት የጣውላ ጎጆ ናት፤ በዚህ ብርድ ወራት ሁለቱ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው የተቀመጡባት ብቸኛ ቤታቸው እሷ ነበረች። አሁን አንድ ግድግዳዋ የለም። ውስጧ ለሐይቁ ነፋስ ተሰጥቷል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጣውላ እየነቀልኩ።»

«እሱንማ አየሁ፣ ዓይን አለኝ። ወረቀቱ ለምን ባዶ ሆነ?»

ዘንጉ መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን እንደልማዱ ሊደብቅ ፈለገ፣ የሚደብቅበት አጣ። «የምጽፈው አጣሁ። የበረዶው ውፍረት ከእንግዲህ እኔን አይመለከተኝም።» ከዚያ እንደምንም ቀጠለ። «እናትሽ ዘንድ ሄጄ ነበር። አንቺ ገበያ በነበርሽበት ቀን። ልጅዎን እወዳታለሁ አልኳቸው። ‹የምትረግጠው መሬት ይሁን፣ ያኔ ና› አሉኝ። ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ። አውቶቡሱ ዛሬ ከምሳ በኋላ ይነሳል።»

«ማቀዝቀዣ መጋዘን? ከብርድ ሸሽተህ ብርድ ቤት?»

«የዚያኛው ወለል አይሰምጥም።»

ሊስቁ ይችሉ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እስኪያማቸው ይስቁ ነበር።

«እኔንስ ጠየቅኸኝ?»

«አንቺ ነሽ እኮ ያልሽኝ።»

«እኔ? መቼ?»

«ያ ነፋስ የነፈሰ ቀን። በረዶው ከስራችን እየተሰነጠቀ ሲጮህ እጄን ይዘሽ፣ ‹ምነው ከዚህ ነገር ላይ በወረድህልኝ› አልሽ። እኔ ያቺን ቃል ይዤ ነው ለእናትሽ እሺ ያልኩት። እሳቸው አዘዙኝ ብዬ አይደለም። አንቺ ስላልሽ ነው።»

«ፈርቼ ነው!» ጮኸች። ድምጿ በተጋገረው ሐይቅ ላይ ሄዶ ሄዶ ተመለሰ። «ፈርቼ ነው ያልኩት! የፈራ ሰው የሚናገረውን ሁሉ እንደ ውል ይዘህ ቤትህን ታፈርሳለህ? በማግስቱ ‹አንድ ክንድ ከስንዝር፣ ደህና ነኝ› ብለህ ስትጽፍልኝ ዳንኩ እኮ። ሁሌም እፈራለሁ፣ ሁሌም ትጽፍልኛለህ፣ ሁሌም እድናለሁ። ይኸው ነው የኔ ፍቅር። ሌላ አላውቅም።»

«ቅርፊቴ…»

«ከከተማ የሚመለሰውን ሰውዬ አላውቀውም። መጋዘን መጋዘን የሚሸት፣ በደረቅ እግሩ የሚመጣ ሰው። እሱን ማን አገባዋለሁ አለ?»

ዘንጉ ቁልቁል አየ። «እኔ ከአንቺ ሌላ የምሄድበት አገር የለኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ግን በእናትሽ እንባ ላይ ጎጆ አልሠራም። አንድ ጊዜ ይሄ ሐይቅ አስለቅሷቸዋል።»

ትክክል መሆኑ ነበር የሚያናድደው። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ምንኛ በቀለለ።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ከመሄድህ በፊት ግን ምሳ እኛ ቤት ትበላለህ። የላክኸውን ዓሣ እሠራልሃለሁ።»

«ከበሩ ይመልሱኛል።»

«ትመልስህ። ግን ዓይንህን እያየች ትመልስህ።»

ስትሄድ ወደኋላ ዞራ የጎጆዋን ወለል አየች። እሱ በየጠዋቱ የሚከፍተው ያ ቀዳዳ፣ ቆሞ የሚጠብቀው ስላጣ፣ ከዳር ዳር ቀጭን በረዶ እየጋገረ ነበር፤ እንቅልፍ ሳይሆን ድካም እንደሚዘጋው ዓይን።

*

«ይሄ ምንድነው?»

«ዓሣ።»

«ዓሣ መሆኑማ አልጠፋኝም! ከየት የመጣ ነው አልኩሽ?»

ቅርፊት ፂሜን ከመክተፊያው ላይ ዘርግታ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ እማዬ። ምሳ እሠራዋለሁ። ያወጣውም ሰው መጥቶ ይበላዋል። ከዚያ በአውቶቡስ ይሄድልሻል። አንቺ ያልሽው ሁሉ ሆኖልሻል፤ ይቺን አንድ ምሳ ግን አትከለክይኝም።»

እናትየው ብዙ የምትለው ነበራት። ምላሷ እሳት መሆኑን የማያውቅ የለም። ግን የልጇን ፊት አየችና እሳቱ ከጉሮሮዋ ተመለሰ።

«ሥሪው» አለች። «እኔ አልነካውም። አላየውምም።»

ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። የዚያች ሴት ጀርባ ግን ከሌላ ሰው ዓይን ይበልጥ ያያል።

ቅርፊት በዕድሜዋ የፈቀችው ዓሣ ሐይቁን ይሞላል። ይህን ግን አንድም ቀን ነክታው አታውቅም፤ ከአባቷ ሞት ወዲህ ቤታቸው አልገባማ። ስለዚህ እንደሌላው ዓሣ ቆጥራ በቢላዋው ጀርባ ትፍቀው ጀመር። ዓሣው አሟለጨና ወለሉ ላይ ወደቀ። ድመቷ ከመስኮቱ ወረደች። ቅርፊት ነጠቀቻት፣ አጠበችው፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ እንደገና ፋቀችው። ቆዳው ላይ ለውጥ የለም።

«ምኑን ነው የምትፍቂው?» አለች እናትየው፣ ሳትዞር።

«ቅርፊቱን።»

«ይፋቃል ብሎ ማን ነገረሽ?»

«አላየውም አላልሽም?»

የሽንኩርቱ ቢላዋ ፈጠነ። ቅርፊት ዘይት ጣደች፤ ዘይቱ እስኪጨስ ነደደ። ዱቄት አቀረበች። እናትየው አፍንጫዋን ነፋች፣ ግን አልዞረችም። ከዚያ ቅርፊት የዓሣውን ሆድ ቀደደችና ውስጡ ያለውን በሙሉ በእጇ ጠርጋ ወደ ቆሻሻው ባልዲ ዘረጋች።

«ጉበቱን!»

ጩኸቱ ከኩሽና አልፎ የደንበኞቹን ማንኪያ በአየር ላይ አስቆመ።

«ጉበቱን ልትጥይው ነው? የፂሜን ጉበት? ለድመት? ለባልዲ? ኧረ እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግኩት! ዓሣን መብላት በብልሃት ሲሉ ምን የሚሉ ይመስልሻል? ዞር በይ ከዚያ! ዘይቱን አውርጂ፣ ቤቱን ልታቃጥይው ነው! ዱቄት! ይሄን ዓሣ በዱቄት! ስጪኝ ያንን ቢላዋ!»

ቢላዋውን ከልጇ እጅ ነጠቀች። ሌላው እጇ ዓሣው ላይ ነበር። ቀዝቃዛው ቆዳ መዳፏን ነክቷታል።

ቅርፊት አሁን ትጥለዋለች ብላ ጠበቀች።

እናትየው መሳቢያውን ከፍታ ጉጠት አወጣች። ከጭንቅላቱ ስር ዙሪያውን በቢላዋ ቀለበት አበጀች። «ይሄ አይፋቅም» አለች በሌላ ድምፅ፣ ልጇ በማታውቀው ድምፅ። «ይወልቃል። እንደ ካልሲ። የሁለት ሰው ሥራ ነው። አባትሽ ጭንቅላቱን ይይዝልኝ ነበር።»

አባትሽ የሚለው ቃል በዚያ ኩሽና ውስጥ ከተሰማ ስንት ዘመኑ ነው? ቅርፊት ቆማ ቀረች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ያዢ!»

ጭንቅላቱን በጨርቅ ያዘች። እናትየው ቆዳውን በጉጠት ጨብጣ ሳበች፤ በአንድ ትንፋሽ ሙሉው ወለቀ፤ ከስሩ እንደ ወተት የነጣ ሥጋ ወጣ።

«ወተት ጣጂ። ቅቤ ጨምሪበት። እንዳይፈላ፤ ወተቱ ይተንፍስ እንጂ አይጩህ። ከበዛበት እንደ ጎማ ይሆናል። ጉበቱን እኔ ራሴ፣ በመጨረሻ፣ ቅቤ ላይ ገልበጥ፣ በቃ።»

ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ወተቱ ሲተነፍስ አዩ። እናትየው በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች።

«ሽንኩርቱ ነው» አለች።

ሽንኩርቱ በዚያኛው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ቅርፊት ግን ልክ ነሽ አለቻት፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር ልክ ነሽ ልትላት ፈልጋ ነበር።

*

ዘንጉ በሩ ላይ ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ለመባረር ተዘጋጅቶ ቆመ። እናትየው ከላይ እስከ ታች አየችው። ለማየት ጊዜ የሚፈጅ ቁመት ነው።

«ጫማህን ጥረግ» አለችው።

ይህን አልጠበቀም። ሦስቴ ጠረገው።

ከመስኮቱ አጠገብ አራት ሆነው ተቀመጡ፤ ጋሼ ፖስታን የጋበዛቸው ባይኖርም ከቦታቸው የሚያነሳቸውም አልተገኘም። እናትየው ሥጋውን ከነወተቱ ቀዳች። ጋሼ ፖስታ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ «ሳሙና የለውም» አሉ። ከአፋቸው የወጣ ትልቁ ምስጋና ይህ ነው።

ጉበቱ ለብቻው በትንሽ ሳህን ቀረበ። ዓሣው አንድ፣ ጉበቱም አንድ ነው፤ ከብርድ ወራት ዓሣ ሁሉ ምርጡ፣ ከምርጡም ምርጡ ጉርሻ እሱ ነው።

እናትየው ሳህኑን ወደ ዘንጉ ገፋችው። «ያወጣው ይብላው።»

ዘንጉ አየው። እንደተራበ ያስታውቃል። ሳህኑን ወደ ቅርፊት ገፋው። «አንቺ ብዪው።»

ቅርፊት ወደ እናቷ ገፋችው። «ያዳነችው ትብላው።»

«ይበርዳል እኮ!» አለች እናትየውና እንደገና ወደ ዘንጉ ገፋችው። ዘንጉ ወደ ቅርፊት። ቅርፊት ወደ እናቷ።

«እናንተ ካልፈለጋችሁት…» አሉ ጋሼ ፖስታ።

«እርስዎ እጅዎን ይሰብስቡ!»

ሳህኑ እናትየው ፊት ቆመ። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «አንድም ቀን ቀምሶት አያውቅም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ባሌ። ያን ሁሉ ዘመን እያወጣው፣ አንድም ቀን። ሁልጊዜ ወደ እኔ ነበር የሚገፋው። ‹አልወደውም› ይለኝ ነበር። ውሸታም።»

ቁልቁል፣ ከጀልባ ማቆሚያው በኩል፣ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ።

ዘንጉ ወንበሩን ወደኋላ ሳበ። ቅርፊት ቀና አላለችም፤ ቀና ብትል እንደምትለምነው አውቃለች፤ እንዲለመን ደግሞ አልፈለገችም። ጥሩምባው ሁለተኛ ጮኸ።

«ቁጭ በል» አለች እናትየው።

«እትዬ፣ አውቶቡሱ…»

«ጆሮ አለኝ፣ ሰምቻለሁ። ሳህንህን አልጨረስክም።»

«ቃል ገብቼልዎታለሁ።»

«ቃሉን የተቀበልኩት እኔ አይደለሁ? እኔው መልሼልሃለሁ። ቁጭ በል አልኩህ!»

ተቀመጠ። እናትየው ጉበቱን አነሳችና አፏ ውስጥ አስገባችው። ቀስ ብላ አላመጠች። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ አገጯ ላይ ተንጠለጠለ፤ አልጠረገችውም፤ አሁን ሽንኩርት የሚባል ሰበብም አልፈለገችም። ከዚያ ዋጠች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ጨው ላቅርብ ያላት አልነበረም። የአውቶቡሱ ድምፅ መንገዱን ይዞ ራቀ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ።

«ዛሬ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች ድንገት።

«ምኑ እትዬ?»

«በረዶው ነዋ! ሌላ ምን እጠይቅሃለሁ?»

ጋሼ ፖስታ ሳሉ። ቅርፊት አየቻቸው። «ምን ላድርግ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳህናቸው ላይ ተክለው። «ብርዱን ሙሉ፣ አንዷም ደብዳቤ መጀመሪያ እትዬ ጆሮ ሳትደርስ ለአንቺ ደርሳ አታውቅም። ‹ስንት ክንድ ነው? ደህና ነኝ ይላል?› ይሄን ሳልመልስ ምሳ አይቀርብልኝም። ዛሬ ወረቀቱ ባዶ ነው ስላት፣ መጥበሻው ከእጇ…»

«ድመቷ ናት!»

«እሺ። ድመቷ ናት።»

ቅርፊት እናቷን አየች። በዚያ ሁሉ የብርድ ጠዋት፣ እሷ ከድንች ከረጢቱ ጀርባ ተደብቃ ስትፈራና ስትድን፣ ይቺ ሴት ከምድጃው ፊት ቆማ አብራት ስትፈራ፣ አብራት ስትድን ነበር። ማንም ሳያያት። ብቻዋን።

«አንድ ክንድ ነው» አለ ዘንጉ። «ዳር ዳሩ ግን መሳሳት ጀምሯል።»

«ሲሳሳ ከማን ጋር ትያያዛለህ?»

«ከማንም። ብቻዬን ነው የምሠራው።»

«እሱም ብቻውን ነበር» አለች እናትየው። «እኔ በረዶውን ስረግም ኖርኩ። በረዶ ምን ያድርግ? ሙቀት ሲመጣ መሳሳት የሁልጊዜ ሥራው ነው። ባሌን የገደለው ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝለት ማጣቱ ነው። እኔ ደግሞ፣ ጅሏ፣ አንተን ብቻህን ወደማታውቀው አገር ልሰድህ ነበር።»

ተነስታ ኩሽና ገባች። ስትመለስ ያ ገመድ በእጇ ነበር። አቧራውን በሽርጧ ጠረገች፣ በየስንዝሩ እየሳበች ፈተነችው፣ ከዚያ ዘንጉን አስነስታ ወገቡ ላይ ታስርለት ጀመር።

«ወይ ቅጥነት! ይሄ ወገብ ነው ወይስ አንገት? ሁለት ዙር የሚበቃው ገመድ አራት ዞረ! ከነገ ጀምሮ እዚህ ትበላለህ። ፂሜም ካገኘህ ሁለት አምጣ፤ በአንድ ጉበት ለሁለተኛ ጊዜ አልጣላም።»

ቋጠሮውን አጠበቀች። በጣም ነው ያጠበቀችው። ከዚያ የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዛ ቆመች፤ ለአፍታ ልትለቀው ያልቻለች መሰለች። ወደ ልጇ ዞረች።

«በረዶው ሲሳሳ ከዳር፣ ከደረቁ መሬት ላይ ነው የምትቆሚው። እግርሽ መሬት ይርገጥ። እጅሽ ግን አይልቀቅ። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁሽ እማዬ።»

«እንግዲያው ያዢ።»

ቅርፊት ያዘችው። ሻካራና ያረጀ ነበር፤ የአባቷ እጅ እንዲህ ሳይሻክር አይቀርም። በክፍሉ መሃል ገመዱ ላላ ብሎ ተንጠለጠለ። ዘንጉ ከዚያኛው ጫፍ ቆሞ ያያታል፤ እጁን አልደበቀም። በረጅሙ ተነፈሰ፣ እናም ትንፋሹ ገመዱን ይዞ መጥቶ በመዳፏ ውስጥ ተሰማት።